የወንዶች ተማሪዎች አለባበስና ቅድመ ፍርድ በጋምቤላ

መግቢያ

የተማሪ አለባበስ በትምህርት ቤት ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከሥርዓትና ከንጽሕና ጋር ተያይዞ ነው። ሸሚዙ ተቆልፏልን? ሱሪው በወገቡ ላይ ነውን? የደንብ ልብሱን ለብሶ መጥቷልን? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ከእነርሱ በስተጀርባ በግልጽ የማይጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ልጁን የሚያየው ሰው ከልብሱ ተነሥቶ ስለ ዘሩ፣ ስለ ጠባዩና ስለ ችሎታው ምን ይደመድማል የሚለው ነው። የቆዳ ቀለማቸው፣ ቋንቋቸውና ልማዳቸው የተለያየ ልጆች በአንድ ክፍል በሚገናኙበት አካባቢ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ይከብዳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከ13 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያሉ ወንዶች ልጆች በጋምቤላ ከተማና በአካባቢው የሚመርጡት ልብስ ምን ምን ምክንያት እንዳለው፣ የሚያዩአቸውም ሰዎች ምን ዓይነት የጅምላ ግምት እንደሚሰጡት መግለጽና ከዚህም ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅም ሐሳብ ማቅረብ ነው።

፩. የአካባቢው ሁኔታ

ጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሞቃት ቆላ ላይ ትገኛለች። ከተማይቱ የተመሠረተችው በንግድ ምክንያት ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መንግሥታት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ በክረምት ወራት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም በሚመጡ የእንፋሎት ጀልባዎች አማካይነት የኢትዮጵያ ቡና ይወጣ፣ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይገባ ነበር። ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ልብስ ለጋምቤላ የቅርብ ጊዜ እንግዳ አይደለም፤ አቡጀዲው የደረሰው ከከተማይቱ ምሥረታ ጋር አብሮ ነው።

በክልሉ አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ የሚባሉት ሕዝቦች ይኖራሉ። በተጨማሪም በንግድ፣ በመንግሥት ሥራና በሰፈራ የመጡ፣ በአካባቢው አነጋገር «ደገኛ» ወይም «ሐበሻ» የሚባሉ ነዋሪዎች አሉ። በተለይ በ1977 ዓ.ም. ከደረሰው ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሐዲያ አካባቢዎች በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በክልሉ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ብዛት ወደ 307,000 የሚጠጋ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ኑዌር፣ ከአምስት አንድ እጁ ያህል ደግሞ አኙዋ ነበር። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ከ300,000 በላይ ስደተኞች በክልሉ መጠለያ ጣቢያዎች ተመዝግበዋል። እንግዲህ የስደተኛውና የአገሬው ልጅ በመልክ፣ በቋንቋና ብዙ ጊዜም በልብስ ይመሳሰላሉ ማለት ነው።

በዚህ አካባቢ ሰውን በመልኩ የመለየት ልማድ ረጅም ታሪክ አለው። ባሪያ መሸጥና መለወጥ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ጨርሶ እስኪሻር ድረስ የምዕራቡ ቆላ ሕዝቦች የባሪያ ፈንጋዮች ዒላማ ነበሩ። «ሻንቅላ» የሚለው የጅምላ መጠሪያም ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። ይህ ስም ማንም ሕዝብ ራሱን የሚጠራበት ሳይሆን፣ በቋንቋም ሆነ በባህል የማይገናኙ ሕዝቦችን በቆዳ ቀለም ብቻ በአንድ ከረጢት የከተተ ስድብ ነው። ዛሬም «ቀይ» እና «ጥቁር» የሚሉት ቃላት በከተማው የዕለት ንግግር የሰውን መልክ ብቻ ሳይሆን የወገኑን ድንበር ጭምር ያመለክታሉ።

፪. ከገላ ምልክት ወደ ልብስ

የወጣቶቹን የልብስ ምርጫ ለመረዳት ከልብሱ በፊት የነበረውን ምልክት ማወቅ ያስፈልጋል። በኑዌር ዘንድ አንድ ልጅ ወደ ሙሉ ወንድነት የሚሸጋገረው «ጋአር» በሚባለው ሥርዓት ነበር። እንግሊዛዊው የሕዝቦች ባህል አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ልጁ ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 16 ዓመት ዕድሜው ግንባሩ ከጆሮ እስከ ጆሮ በ6 መሥመሮች ይበጣል። ከዚያ ወዲያ ላም ማለብ አይፈቀድለትም፤ የሰው ሙሉ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የዕድሜ፣ የማዕረግና የኃላፊነት ማስረጃ ነበር።

በአኙዋ በኩል ደግሞ «ዴሙይ» የሚባለው ሰማያዊ ዶቃ ለጥሎሽ የሚከፈልና ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ ክቡር ሀብት ነበር። በደርግ ዘመን የገላ ብጣትም ሆነ የዶቃው ጥሎሽ «ኋላ ቀር ልማድ» ተብለው ተወግዘዋል፤ እንዲቀሩም ግፊት ተደርጓል። ብጣት ለጤና አስጊ መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን ውግዘቱ የመጣው ከውጭና ከበላይ ስለነበር፣ ከጤናው ምክር ጋር «አንተ ኋላ ቀር ነህ» የሚል መልእክትም አብሮ ደርሷል።

ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ብጣትን የማይቀበሉ የኑዌር ወጣቶች ቁጥር እየጨመረ መጣ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሻሮን ሐቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለነዚህ ወጣቶች በሰፊው ጽፋለች፤ በኑዌር ቋንቋ የተሰጣቸውም ስም «ኮርማ ልጆች» እንደ ማለት ነው። ስሙ ራሱ አስቸጋሪ አቋማቸውን ይገልጣል። በዕድሜ ኮርማ፣ በማዕረግ ግን ልጅ ናቸው። ግንባሩ ላይ መሥመር የሌለው ወጣት «እኔ ሰው ሆኛለሁ» ብሎ የሚናገርበት ሌላ ምልክት ያስፈልገዋል። ይህንንም በደብተሩ፣ በጫማውና በሱሪው ይፈልገዋል። ስለሆነም አንድ መምህር «ለጌጥ የተገዛ ከንቱ ነገር» ብሎ የሚያየው ጫማ፣ ለልጁ የአንድ ትልቅ ሥርዓት ምትክ ሊሆን ይችላል።

፫. የከተማ ልብስና የሚሰጠው ትርጉም

በጋምቤላ ጎዳናዎች ብዙ ወጣቶች ሰፋ ያለ ጅንስ ወይም ቁምጣ፣ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ቡድኖች ቁጥር ያለበት ካናቴራ፣ ባለ ጥላ ቆብ፣ የአንገት ሐብልና ስኒከር ለብሰው ይታያሉ። ለዚህ ምርጫ ቢያንስ አራት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው አቅርቦት ነው። ልጁ የሚለብሰው በገበያ ያለውን ነው፤ በገበያ የሚገኘውም በአብዛኛው ልባሽ ጨርቅ ሲሆን፣ በልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ የሌላ አገር ወጣቶች ምርጫ ታጭቆ ይመጣል። ሁለተኛው ዘመድ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአካባቢው ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች የሄዱ ቤተሰቦች ልብስና ገንዘብ ይልካሉ። ከአጎት የተላከ ካናቴራ የለበሰ ልጅ ፋሽን ብቻ ሳይሆን ዘመድነትን ጭምር ለብሷል። ሦስተኛው አየሩ ነው። በበጋ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት ቦታ እጅጌ የሌለው ካናቴራና ሰፊ ቁምጣ የሚያስገርም ምርጫ አይደለም። አራተኛው መልክ ነው። ረጅምና ጥቁር የሆነ ወጣት በአገሩ የመማሪያ መጻሕፍትና ማስታወቂያዎች ውስጥ እርሱን የሚመስል የተከበረ ሰው እምብዛም አያገኝም፤ በቅርጫት ኳስ ሜዳና በሙዚቃ ፊልም ላይ ግን ያገኘዋል። ልብሱን ከዚያ መውሰዱ አገሩን መካድ ሳይሆን፣ መልኩ የሚከበርበትን ቦታ መፈለግ ነው።

የሚያየው ሰው ግን እነዚህን ምክንያቶች አያይም። በዚህም ምክንያት የጋምቤላ ልጅ በአንድ አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል። ዶቃ አጥልቆ፣ ቆዳ ለብሶ፣ ጦር ይዞ ቢታይ «ኋላ ቀር» ይባላል፤ ወይም በበዓል ቀን ብቻ «ውብ ባህል» ተብሎ ይጨበጨብለታል። ጅንስና ካናቴራ ለብሶ ቢታይ ደግሞ «ዱርዬ»፣ «ባህሉን የጣለ» ወይም «የውጭ አገር ሰው» ይባላል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ የክልሉ ወጣቶች በገዛ አገራቸው በእንግሊዝኛ ሰላምታ የሚቀርብላቸውና «ከየት አገር መጣህ?» ተብለው የሚጠየቁት ለዚህ ነው። የደገኛው ልጅ ያንኑ ጅንስ ቢለብስ ግን «ዘመናዊ» ይባላል እንጂ ዜግነቱን የሚጠይቀው የለም። ልብሱ አንድ ሆኖ ፍርዱ ሁለት ሲሆን፣ የተፈረደው በልብሱ ላይ ሳይሆን በለባሹ ላይ መሆኑ ግልጽ ነው።

የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በየዓመቱ ኅዳር 29 ይከበራል፤ 10ኛው በዓል በ2008 ዓ.ም. የተከበረው በጋምቤላ ከተማ ነበር። በዓሉ ለረጅም ዘመን ያልታዩ ሕዝቦች እንዲታዩ አድርጓል። ነገር ግን ትምህርት ቤቶች ልጆችን ለዚህ በዓል ሲያሰልፉ፣ ወላጅ አባታቸው እንኳ በዘወትር የማይለብሰውን ልብስ «ትክክለኛው ማንነትህ ይህ ነው» ብለው እንዲለብሱ ማድረጋቸው የጅምላ ግምቱን ሊያጠናክር ይችላል። በዓሉ ካለፈ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጥር 2008 ዓ.ም.፣ በአኙዋና በኑዌር መካከል በተነሣው ግጭት ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያም በፊት በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በዚችው ከተማ ብዙ የአኙዋ ተወላጆች ተገድለዋል። እንዲህ ባሉ ቀናት የግንባር መሥመር፣ የቆዳ ቀለምና የልብስ ዓይነት የሰውን ወገን ለመለየት ስለሚያገለግሉ፣ ሰውን በውጫዊ ምልክቱ የመፈረጅ ልማድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ይታወቃል። በሰላም ቀን በክፍል ውስጥ የተለመደ ፍረጃ በክፉ ቀን በጎዳና ላይ ሥራ ላይ ይውላል።

፬. የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ችግር የጋምቤላ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1943 በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ ረጅም ኮትና ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ሱሪ የሚለብሱ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች በባሕር ኃይል ወታደሮችና በሌሎች ሰዎች ተደብድበዋል፤ ልብሳቸውም በአደባባይ ተገፏል። ፖሊስ በብዛት ያሰረው ተደብዳቢዎቹን ነበር። የከተማው ምክር ቤትም የደብዳቢዎቹን አድራጎት ትቶ ልብሱ በሕግ እንዲከለከል የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ አሳለፈ። በዚሁ አገር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 የቅርጫት ኳስ ማኅበሩ ተጫዋቾች ከሜዳ ውጭ ሐብልና የመሳሰለውን እንዳያደርጉ ደንብ ባወጣ ጊዜ፣ አንዳንድ ጥቁር ተጫዋቾች ደንቡ በሥርዓት ስም ያነጣጠረው በጥቁር ወጣቶች ልማድ ላይ ነው ሲሉ ተቃውመዋል።

በአፍሪካም የታንዛኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ማሳዮች ባህላዊ ልብሳቸውን ትተው ሱሪ እንዲለብሱ ለማስገደድ ዘመቻ አካሂዶ ነበር። ዘመቻው ማሳዮችን ከባህላዊ ልብሳቸው አልለያቸውም፤ ያው ልብስ ከጊዜ በኋላ የአገሪቱ የቱሪስት ማስታወቂያ ጌጥ ሆነ። ከነዚህ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በአንድ ቦታ ወጣቱ ዘመናዊ ልብስ በመልበሱ፣ በሌላው ቦታ ባለመልበሱ ይወቀሳል፤ በሁለቱም ቦታ ግን የሚወቀሰው ዝቅ ተደርጎ የሚታየው ወገን ልጅ ነው።

፭. ጥናቶች ለመምህሩ የሚሰጡት ትምህርት

የሥነ ልቡና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን እንዳስረዳው፣ በጉርምስና ዘመን ልጅ «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲፈልግ በልብስና በምልክት ከጓደኞቹ ጋር መመሳሰልን ጋሻ ያደርገዋል። መመሳሰሉ አልፎ አልፎ ሌሎችን እስከ ማግለል ይደርሳል። ሄንሪ ታጅፈል የተባለው ተመራማሪ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ 14 እና 15 ዓመት የሆናቸውን ወንዶች ልጆች፣ ከሁለት ሠዓሊዎች የአንዱን ሥዕል መርጣችኋል በሚል ምክንያት በሁለት ወገን ከፈላቸው። ክፍፍሉ በእውነቱ በዕጣ የተደረገ ነበር። እንዲህም ሆኖ ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመው በዚህ ጥናት ላይ ገንዘብ ሲያካፍሉ ለራሳቸው ወገን አድልተዋል። በሥዕል ምርጫ ስም ብቻ የተፈጠረ ወገን ይህን ካደረገ፣ ቀለም፣ ቋንቋና የግጭት ትዝታ ያለበት ወገን ምን ያህል እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ መምህሩ በክፍሉ ውስጥ ልጆቹን በመልክና በልብስ የሚከፍል ቃል ባለመናገር ብዙ ይጠቅማል።

ስለ መምህሩ ራሱም የሚነገር አለ። ሮዘንታልና ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ በዕጣ የተመረጡ ልጆች በትምህርት ሊገፉ የሚችሉ ናቸው ተብሎ ለመምህራን ተነገረ። ከዓመቱ መጨረሻ በተለይ በታችኞቹ ክፍሎች የነበሩት የተሻለ ውጤት አሳዩ። የለውጡ መጠን ከዚያ በኋላ ብዙ ያከራከረ ቢሆንም፣ መምህር ስለ ተማሪው ያለው ግምት ለተማሪው በሚሰጠው ጊዜ፣ ጥያቄና ፊት ላይ እንደሚታይ ማንኛውም ልምድ ያለው መምህር ያውቀዋል። እንበል፣ ሁለት ልጆች አርፍደው መጡ። አንዱ ባለ ቁጥር ካናቴራ የለበሰ ረጅም ልጅ ነው፤ ሌላው ሸሚዝ የለበሰ የነጋዴ ልጅ። የመጀመሪያው «የት ስትዞር ቆየህ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ «ምን ገጠመህ?» ቢባል፣ መምህሩ ምንም ስድብ ሳይናገር ሁለት ፍርድ ሰጥቷል። የመጀመሪያው ልጅ ያረፈደው ታናናሾቹን ወንዝ አሻግሮ ሊሆን ይችላል።

፮. የደንብ ልብስ ጥቅምና ወሰን

የደንብ ልብስ በዚህ ረገድ ታላቅ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል። የአኙዋው፣ የኑዌሩ፣ የመዠንግሩና የደገኛው ልጅ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ሲለብሱ፣ ከተማው አስቀድሞ «ተማሪ» ብሎ የሚያያቸው በዚያ ልብስ ነው። ከላይ የተገለጸውን አጣብቂኝ የሚፈታ ልብስ ቢኖር ምናልባት እርሱ ብቻ ነው። ሆኖም ከደንብ ልብስ የማይገኘውን መጠበቅ አይገባም። ብሩንስማና ሮክሞር የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ ባቀረቡት ጥናት፣ የደንብ ልብስ ብቻውን ጠባይንም ሆነ ክፍል መገኘትን በቀጥታ እንደሚያሻሽል ማስረጃ አላገኙም። ከዚህም በላይ ልብሱን መግዛት የማይችል ልጅ ከበር የሚመለስ ከሆነ፣ ልጆችን ለማስተካከል የታሰበው ጨርቅ ድኃውን ከትምህርት ገበታ ያስወጣዋል። የሚመለሰውም ልጅ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ወይም ቤተሰቡ የተፈናቀለበት ነው።

በዚህ መሠረት ትምህርት ቤቶችና ዕቅድ አውጪዎች የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያስቡባቸው ይጠቅማል።

ሀ) የአለባበስ ደንብ ሲወጣ እያንዳንዱ አንቀጽ ምክንያቱ ይጻፍ። ለንጽሕና፣ ለደኅንነት ወይም ለትምህርት ሥራ የማይጠቅምና «የእነርሱ አለባበስ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት የሌለው ክልከላ ይሰረዝ።

ለ) የደንብ ልብሱ ለቆላ አየር የሚስማማ፣ ስስ የጥጥ ጨርቅና አጭር እጅጌ ያለው፣ በከተማው ልብስ ሰፊዎች በአነስተኛ ዋጋ ሊሰፋ የሚችል ይሁን። ልብሱን ያላገኘ ልጅ እስኪያገኝ ድረስ ትምህርቱን አያቋርጥ።

ሐ) የግንባር ብጣት ያለው ተማሪ በዕድሜም ሆነ በጠባይ ለመማር እንዳለፈበት ተደርጎ አይታይ፤ ብጣት የሌለውም በእኩዮቹ ዘንድ «ልጅ» ተብሎ እንዳይናቅ መምህሩ ይከታተል። ስለ ጤናው ጉዳት ሲያስተምርም ልማዱን የያዙትን አባቶች አያዋርድ።

መ) የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎች የቆላውን ልጅ በዶቃና በጦር ብቻ ሳይሆን፣ በቤተ ሙከራ፣ በክሊኒክና በቢሮ ውስጥ በዘወትር ልብሱ ያሳዩ። የአፍ መፍቻ ቋንቋን ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የፈቀደው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለጆሮ ያደረገውን፣ ሥዕሉ ለዓይን ሊያደርገው ይገባል።

ሠ) በባህል ቀን ተማሪዎች የሚለብሱትን ራሳቸው ከቤተሰባቸው ጠይቀው ይምረጡ፤ የልብሱንም ታሪክ በክፍል ያስረዱ። እንዲህ ሲሆን ልጁ የሚታይ ዕቃ ሳይሆን የሚያስተምር ሰው ይሆናል።

ማጠቃለያ

በጋምቤላ የወንዶች ልጆች የማንነት ምልክት በአንድና በሁለት ትውልድ ውስጥ ከግንባር ወደ ጨርቅ ተሸጋግሯል። ምልክቱ ሲለወጥ ምልክቱን የሚያነበው ሰው ፍርድ ግን እምብዛም አልተለወጠም። ልጁ ያለ ልብስ ሳለ «አልሠለጠነም» ተባለ፤ በለበሰ ጊዜ ደግሞ «ከልክ በላይ ሠለጠነ» ተባለ። ስለዚህ ችግሩን በልጁ ሱሪ ስፋት ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ትምህርት ቤት የከተማውን ቅድመ ፍርድ በአንድ ጊዜ ሊያጠፋው አይችልም፤ ነገር ግን ከቅጥሩ ውስጥ ሊያስወጣው ይችላል። መነሻውም በበሩ ላይ የሚቆመው መምህር፣ ስለ ልጁ ልብስ ከመፍረዱ በፊት የልጁን ስም ማወቁ ነው።